የመርፌ ዕቁብ

ማክሰኞ የመዲና ተራ ነበር። ገና ጎህ ሲቀድ የአስካለን በር በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባች። በአንድ እጇ እርጎ ይዛለች፤ በማለዳ ባዶ እጁን ጎረቤት ቤት የሚገባ ሰው ያስጠረጥራል። ሌላው እጇ ከሂጃቧ ሥር ነው። በሩን ከዘጋች በኋላ አወጣችው፤ ብዕር የሚሉትን መርፌ ጨብጣለች።

«ሆድሽን ግለጪ» አለች።

«ደህና አደርሽ አይቀድምም?»

«አንቺን ማን ፈለገሽ! እኔ የመጣሁት ለውስጠኛዋ ነው።»

አስካለ ቀሚሷን ሰበሰበች። መዲና አውራ ጣቷን የብዕሩ ራስ ላይ ጫነች፤ ብዕሩ ጣቷን ለየና ተከፈተ። ከባለቤቱ ጣት በቀር ለማንም አይከፈትም። ስለዚህ መድኃኒቱን ለሰው ማካፈል የፈለገ ራሱም አብሮ መምጣት አለበት። መዲና የዕለት ድርሻዋን እኩሌታ አስካለን ጎኗ ላይ ወጋቻት፤ የመርፌውን ጫፍ ቀየረችና የቀረውን በራሷ ጭን ላይ ወጋች። ሁሉም ነገር ያለቀው የአስካለ ባል ልንገረው ጓሮ ፊቱን ታጥቦ ሳይጨርስ ነው።

«ነገ ማን ናት?» አለች አስካለ።

«እማማ ብሌን። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቻያቸው።»

በኮምቦልቻ የመጨረሻው ፋርማሲ ከተዘጋ ትውልድ አልፏል። አሁን በየቀጠናው ግድግዳ ላይ መስኮት አለ። ሰኞ ሰኞ ሰው ይሰለፋል፤ ጣቱን ያስገባል፤ መስኮቱ ወጋ አድርጎ ደሙን ያነብና የሳምንቱን ብዕር ይገፋለታል። መስኮቱ አያመናጭቅም፣ ጉቦ አይበላም፣ «ነገ ና» አይልም። ሲተከል ሰዉ በጭብጨባ ነው የተቀበለው።

በመስከረም መስኮቱ የአስካለን ደም አነበበና ብዕሩን ሳይገፋ ቀረ። የዚህ መድኃኒት ደኅንነት ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ ለራስዎና ለልጅዎ ሲባል ተቋርጧል አላት። ማርገዟን የሰማችው ያኔ ነው። ደስ እንዲላት ጊዜ አላገኘችም።

አስካለ ስኳር የያዛት በልጅነቷ ነው። አንድ ክረምት ጎርፍ መንገዱን ቆርጦ መርፌ ሲዘገይ እስትንፋሷ እንደበሰበሰ ዘይቱን ሸቶ፣ ውኃ ውኃ እያለች ራሷን ስታ ወድቃ ነበር። ያለ መርፌ ምን ያህል እንደምትቆይ ሰውነቷ ያውቃል። ብዙ አትቆይም። ከመቶ ዓመት በላይ ነፍሰ ጡሮች እየተወጉ የወለዱበት የድሮው ኢንሱሊን ደግሞ ዛሬ የለም። ጎጂ ሆኖ አይደለም የጠፋው፤ ርካሽ ሆኖ ነው። የሚያመርተው አጣ። በቦታው የመጣው አዲስ መድኃኒት በሁሉም ዓይነት ሰው ላይ ተሞክሯል፤ በወንድ፣ በሽማግሌ፣ በሕፃን፣ ሌላው ቀርቶ ወደ ጠፈር በሚሄዱ ሰዎች ላይ። በእርጉዝ ላይ ብቻ አልተሞከረም።

ዕቁቡን የመሠረቱት እማማ ብሌን ናቸው። ስማቸው ወጣቶቹን ያስቃል። በእሳቸው ልጅነት የተወለደ ሕፃን ሁሉ ብሌን ወይ ሶልያና ይባል ስለነበር ዛሬ እነዚህ የአሮጊት ስሞች ሆነዋል፤ አስካለና ልንገረው የሚባሉት ወጣቶቹ ናቸው። የእማማ ብሌን አንዲት ልጅ ለእርጉዝ መድኃኒት የሚከለክለው የመስኮቱ ሕግ በወጣበት ዓመት ከነጽንሷ ሞተችባቸው። ሐዘን ተቀምጠው ሲነሡ ስኳር ያለባቸውን የሰፈሩን ሴቶች ሰበሰቡና ለእያንዳንዷ ሥራ ሰጡ። ደንቡ አጭር ነው። ዕጣ የሚወጣው ለመስጠት ነው፤ ለመውሰድ ዕጣ የለም፤ ያረገዘች ትወስዳለች፤ ጡት እስክታስጥልም ትወስዳለች።

በዚህ ዕቁብ የተወለዱ ሁለት ልጆች ሰፈር ውስጥ እየሮጡ ኳስ ይለጋሉ። የሚቀጥለው ተራ የአስካለ ሆነ። ከእሷ በኋላ ደግሞ የመዲና ነው፤ ካገባች ቆይታለች፣ አማቷም አፍ አውጥተው መጠየቅ ጀምረዋል።

«እኔ በየሳምንቱ ሆድሽ ውስጥ እያጠራቀምኩ ነው» ትላት ነበር መዲና። «ሳረግዝ አላውቅሽም ብትይ፣ ወላሂ ልጅሽን ነው የምወስዳት።»

«ውሰጃት። ሌሊት ሌሊት ግን እኔ ጋ አታምጫት።»

ክረምቱን ተከትሎ የመጣው በጋ በዚህ ሁኔታ አለፈ። ሰጪዎቹ የጎደለባቸውን በምግብ አካካሱት፤ ዳቦ ተዉ፣ ስኳር ተዉ፣ አፋቸው እየደረቀ ዋሉ። የአስካለ ሆድ በገፋ ቁጥር ደግሞ የሚያስፈልጋት መድኃኒት ጨመረ፤ እርግዝና እንዲህ ነው። እኩሌታው አልበቃ አለ። በየካቲት እማማ ብሌን ሴቶቹን ሰብስበው አዲስ ሐሳብ አመጡ።

«ሁዳዴ ገባ። ስኳር ያለበት ሰው አይጹም ብለው ቄሱም ሐኪሙም ፈትተውናል። እኔ ግን እንጹም እላለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልበላ ሰው መርፌው ይተርፈዋል። የተረፈው ለአስካለ ነው።»

«ጾሙ ለእግዜር መስሎኝ!» አለች መዲና።

«ጾሙ ለእግዜር ነው። ትርፉ ለአስካለ ነው።»

«እኔስ? እኔን ማን ሊያጾመኝ ነው?»

«አንቺ ሰኞና ሐሙስ ጹሚ። ነቢዩም ይጾሙ ነበር ስትይን አልነበር?»

ሴቶቹ ሳቁ። ተስማሙም። እውነትም ሠራ። ሁዳዴን ሙሉ ሽሮና ጎመን በቀን አንድ ጊዜ እየቀመሱ ከድርሻቸው ሁለት ሦስተኛውን ለአስካለ ሰጡ፤ ሰኞ ሰኞ መስኮቱ ደማቸውን አንብቦ ዝም አለ። እንዲያውም የእማማ ብሌንን ደም ጎበዝ ብሎታል። አስካለ ፊቷ ወዛ፤ ልጅቱ ሆዷ ውስጥ ስትገላበጥ ቀሚሷ ይነቃነቅ ጀመር። ልንገረው ሰው ሳያየው ከአሮጌ ሣጥን የሕፃን አልጋ ይሠራ ነበር። አስካለ እያየችው እንዳላየች ታልፋለች።

ከዚያ ፋሲካ መጣ።

ይህን የማይገባው ሰው አገሩን የማያውቅ ነው። ከሁዳዴ በኋላ ባለው እሑድ የዶሮ ወጥ የቀረበለት ሰው «ስኳሬ» ብሎ እጁን አይሰበስብም። ድፎ ዳቦ የቆረሰች ጎረቤት «ለእኔ ይቅርብኝ» የምትባል አይደለችም። ቅርጫ የተካፈለ ቤት ሁሉ ሌላውን ቤት ይጠራል፤ የተጠራ ይሄዳል፤ የሄደ ይጎርሳል፤ ጠጁንም ይጠጣል። ሴቶቹ በሉ። የጾሙን ልክ ለመርፌው እንደያዙ፣ ከድርሻቸው ሲሶውን ብቻ ለራሳቸው እየወጉ በሉ። አንዳቸውም ተው አላሉም፤ አላሰቡትም። ያልበላችው መዲና ብቻ ነበረች፤ አማቷ ታመውባት ሐርቡ ሄዳ ነበር።

በማግስቱ ሰኞ ሴቶቹ ተሰለፉ። መስኮቱ የመጀመሪያዋን ጣት ወጋ፣ አነበበ፤ ሁለተኛዋን ወጋ፣ አነበበ። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ከዚህ በፊት ሰምተውት የማያውቁት ትንሽ ዝምታ ዝም አለ። የሰጣቸውን ያውቃል፤ ደማቸው የሚለውንም ያውቃል። ሁለቱ አይገናኙም። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ቀን፣ ባንዴ።

«መድኃኒትዎን እንደታዘዘው እየተጠቀሙ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ብዕር አይሰጥም። በየጠዋቱ መጥተው ክንድዎን ያስገቡ።»

ከመስኮቱ አጠገብ ሌላ ቀዳዳ ነበር፤ ስንት ዓመት ተዘግቶ ሲያልፉት ለምን እንደተሠራ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ተከፈተ። እማማ ብሌን እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ክርን ድረስ አስገቡ፤ ውስጥ የሆነ ነገር ያዝ አደረጋቸው፣ ወጋቸው፣ ለቀቃቸው። ብዕር ይዞ ወደ ቤት መመለስ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ እማማ ብሌን አስካለ ቤት መጥተው ከሣጥኑ አልጋ አጠገብ ተቀመጡ።

«ጾሙን ቆጠርኩ» አሉ፤ «ፍስኩን ረሳሁ።»

«እማማ፣ እርስዎ ምን አጠፉ?»

«ዝም በይ! ዳኛሽ እኔ ነኝ። የዕቁብ ዳኛ እንዲህ ያለውን አይረሳም።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑና አለቀሱ።

የቀረችው መዲና ብቻ ሆነች። በየቀኑ መጣች፤ ደሟ መስኮቱ ላይ እንዳያሳብቅባት እህል ቀነሰች፤ ተራ የሚባል ነገር ቀረ። አንድ ሰው ለሁለት ተኩል ነፍስ አይበቃም። አስካለ ሌሊቱን ሙሉ እየተነሣች ውኃ ትጠጣለች፤ መዲናም ስትመጣ ከንፈሯ ነጭ ነው።

አስካለ መስኮቶቹን የሚያስተዳድረው የጥንቃቄ ጽሕፈት ቤት የሚባለው ቦታ የሄደችው በዚያ ሰሞን ነው። ዶክተር ኪሩቤል ተቀበላት፤ ለጋ ወጣት ነው፣ ጨዋ፣ ተነሥቶ ወንበር የሚስብ። ውኃ ሰጣት። ጠጣችው። ሌላ ቀዳላት፤ እሱንም ጠጣችው። ሦስተኛውን ሳትጠይቀው ቀዳ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለች። «መድኃኒቱ እርጉዝን ይጎዳል?»

«አይታወቅም።»

«ለምን አይታወቅም?»

«በእርጉዞች ላይ አልተሞከረም።»

«ለምን አልተሞከረም?»

«ሊጎዳቸው ይችላላ።»

«ስኳሩስ? ካልታከመ ልጄን እንደሚጎዳ ይታወቃል?»

«እሱማ በደንብ ይታወቃል» አለ፤ ካለ በኋላ ግን ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው አወረደ።

«እንግዲያው የታወቀውን ጉዳት ሰጥታችሁ ካልታወቀው ጉዳት ጠበቃችሁኝ።»

«እመቤት፣ እንደሱ አይደለም። በስኳሩ አንድ ነገር ቢደርስ የበሽታው ሥራ ነው፤ የሚጠየቅ የለም። በመድኃኒቱ ቢደርስ ግን ሰጪው ይጠየቃል። መስኮቱ የሚጠይቀው ይህን ብቻ ነው።»

«ልጄ ብትሞት ማን ይጠየቃል ነው የሚለው?»

አስካለ ወደ ፊት ተጠጋች። ወንድ አያቷ ፍርድ ቤት ቆመው የሚከራከሩ ሰው ነበሩ ይባላል፤ የእሷም ድምፅ ስትናደድ አይጮህም፣ ይቀጥናል።

«ማስረጃ ነው የቸገራችሁ? እኔ አለሁ። ከመስከረም ጀምሮ መድኃኒቱን እየወሰድኩ ነው። ከየት እንዳትሉኝ። ሆዴን እዩት፣ ደሜን ቅዱት፣ ልጄን በመሣሪያችሁ መርምሩ። አንዲት እርጉዝ ወስዳው ምንም አልሆነችም ብላችሁ ጻፉ። ከአንድ ይጀመራል።»

ዶክተር ኪሩቤል ወደ በሩ ተመለከተ። ተዘግቷል። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይህን እንዳልሰማሁ ልቁጠረው። በተከለከለ መንገድ የተገኘ ነገር ማስረጃ አይሆንም። ከሰማሁ ደግሞ የሰጡዎትን ሰዎች መጠየቅ አለብኝ።»

«ስለዚህ በፈቃድ አትሞክሩም፤ ያለ ፈቃድ የተሞከረውን አትሰሙም።»

«በግሌ ምን ያህል እንዳዘንኩ ቢያውቁ…»

«ሐዘንዎን ለበኋላ ያስቀምጡት፤ ይፈለጋል።»

እስከ ደጃፍ ሸኛት። ጨዋ ነው።

በግንቦት መግቢያ ልጅቱ መገላበጥ አቆመች። አስካለ መጀመሪያ ተኝታ ነው አለች። ቀጥላ በቀዝቃዛ ውኃ ሆዷን ዳበሰች። ከዚያ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ልንገረው ከሥራ ሲመጣ በዚያው ቦታ አገኛት። ጤና ጣቢያ ሄዱ። አዋላጇ መሣሪያውን ሆዷ ላይ አዙራ፣ አዙራ፣ አጠፋችው።

ልጅቱ ስትወለድ ቆንጆ ነበረች። ትልቅ፣ ጉንጯ የሞላ፣ አንገቷ ድርብርብ፤ ሰው ቢያያት ከዓይን ያውጣት የሚላት ዓይነት ልጅ። ያወፈራት ስኳሩ ነው። ክርስትና አልተነሣችምና ፍትሐት አልነበራትም፤ ልንገረው ከአንድ ዘመዱ ጋር ሆኖ በነጠላ ጠቅልሎ ወሰዳት። ሲመለስ ነጠላውን አላመጣውም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ወተቱ መጣ። ሰውነት ወሬ አይሰማም። ሴቶቹ ጡቷን በመቀነት ጠፍረው አሰሩላት፤ እማማ ብሌን ራሳቸው ቋጠሩት። ከወለደች ወዲህ የሚበቃት መድኃኒት ጥቂት ስለሆነ የመዲና እኩሌታ ሕይወቷን ያዘ። ሁሉም አንድ ነገር ይሉ ነበር፤ በሹክሹክታ፣ ነውር እንደሆነ እያወቁ፦ አሁን እርጉዝ አይደለችም፣ ሰኞ መስኮቱ ይከፈትላታል። አስካለ ይህን ሰምታ አልተናደደችም። መኖር እንደምትፈልግ ስታውቅ ግን አፈረች።

ሰኞ ከመዲና ጋር ተያይዘው ሄዱ። ሰልፉ ረጅም ነበር። መዲና ቀደመች፤ ጣቷን አስገባች። መስኮቱ ለሁሉም በየእምነቱ ሰላምታ ይሰጣል፤ «አሰላሙ ዐለይኩም» አላት፤ ከዚያ ያችን ትንሽ ዝምታ ዝም አለ።

«መድኃኒትዎን እንደታዘዘው እየተጠቀሙ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ…»

መዲና የቀረውን አልሰማችውም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ወደ አስካለ ዞረች። ፊቷ ላይ የራሷ ተራ፣ አማቷ፣ የምትወልዳቸው ልጆች ሁሉ ባንዴ አለፉ፤ አፏ ግን ሌላ ተናገረ።

«ምንም አይደል። ላንቺ ይከፈታል። ነይ ቀጥዪ።» ክንዷን እስከ ክርኗ በጎኑ ቀዳዳ አስገባች፤ ውስጥ ያለው ነገር ያዛት።

አስካለ ጣቷን አስገባች። መስኮቱ ወጋት። ሞቅ ባለ የሴት ድምፅ፣ ሰልፈኛው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገረ።

«እንኳን ማርያም ማረችዎት! በደምዎ የማጥባት ምልክት ይታያል። ለሚያጠቡት ሕፃን ደኅንነት ሲባል መድኃኒቱ እንደተቋረጠ ይቆያል።»

አስካለ አፏን ወደ መስኮቱ አስጠጋች።

«የሚጠባ የለም» አለች።

«ማጥባት ሲያቆሙ ተመልሰው ይምጡ።»

«ወተቱን ማድረቂያ ስጠኝ።»

«የወተት ማድረቂያ ለስኳር ሕሙማን ደኅንነቱ አልተረጋገጠም።»

«አስካለ!» ብላ መዲና ጮኸች። ክንዷን ሳበች፤ ቀዳዳው አልለቀቃትም፤ ገና አልወጋትም ነበር። «አስካለ፣ ቆዪኝ! ቆዪ እስኪለቀኝ!»

ከኋላ ተሰልፋ የነበረች አንዲት የማትታወቅ ሴት ከመስኮቱ የሰማችው የመጀመሪያውን የምሥራች ብቻ ነው። ፊቷ በርቶ ቀረበች፤ አስካለን ትከሻዋን ይዛ ሦስቴ ሳመቻት።

«እሰይ እሰይ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ እቴ! ወንድ ነው ሴት?»

አስካለ አየቻት። ሴትዮዋ ደግ ፊት ነበራት።

«ሴት ነች።»

«የእናቷ ረዳት! ውይ፣ ቀሚስሽን እይው፣ ርሷል እኮ! ርቧት ነው። ልጅ ሲርባት የእናት ጡት ያውቃል። ሂጂ ሂጂ፣ አታስለቅሻት። ማርያም ታሳድግልሽ።»

«ታሳድግልሽ» አሉ ከኋላ ያሉትም።

ምርቃት ሳይቀበሉ አይሄዱም። አስካለ «አሜን» አለች፤ ከመስኮቱ ዘወር ብላም ለሴትዮዋ ቦታውን ለቀቀችላት።